የሚመለሰው ወደ እኔ አይደለም፦ ዘጠኝ ወር ከአንድ ትንሽ ድሮን ጋር

መጀመሪያ ምስሉ መንተባተብ ጀመረ። ቀጥሎ ተቆራረጠ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ቀረ። ጠርዙ ላይ ያሉት የከፍታና የርቀት ቁጥሮች ባሉበት ደረቁ፤ ሪሞቱም ይጮህ ጀመር። ድሮኑ ከኮረብታው ጀርባ ነው፤ ከእኔ 600 ሜትር ያህል ርቆ።

«የት አለ?» አለኝ አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ።

«እየመጣ ነው።»

ይህን ስል አፌ ደርቋል። እየመጣ ይሁን ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ይሁን በምን አውቃለሁ? ጓደኛዬ ሰዓቱን እያየ ጮክ ብሎ መቁጠር ጀመረ፤ ዝም በል ለማለት እንኳ አቅም አጣሁ። 38 ላይ ሲደርስ ስክሪኑ ብልጭ አለና ምስሉ ተመለሰ። የዛፍ ጫፎች ናቸው። ከድሮኑ ሆድ ስር ይሮጣሉ፤ ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ መለየት ይቻል ነበር። ትንሽ ቆይቶ ያ የንብ መንጋ የሚመስል ድምፅ መጣ። ከተነሳበት ቦታ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ፈቀቅ ብሎ አረፈ። ጓደኛዬ አጨበጨበ። እኔ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ይህ የሆነው ድሮኑን በገዛሁ በሦስተኛው ወር ነው። አሁን ዘጠኝ ወር ሞልቶኛል። ስለ ካሜራው የጻፈ ሰው ሞልቷል፤ እኔ መጻፍ የፈለግኩት ሪሞቱ ላይ ስላለች አንዲት ቁልፍ ነው። የቤት ምስል ያለባት፣ አውቶማቲክ መመለሻ የሚሏት። ዕቃው ከ250 ግራም በታች ከሚመዝኑት አንዱ ነው። ወደ ታች የሚያይ ሴንሰር አለው። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን ግን ዕውር ነው። ይህችን ያዙልኝ።

ወደ ኮረብታው ልመለስ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከኮረብታው ወዲያ ያለውን መንገድ ልቅረጽ ብዬ ድሮኑን ዝቅ አድርጌ አዞርኩት። በእኔና በእሱ መሃል አፈርና ድንጋይ ገባ። እነዚህ ድሮኖች ከሪሞቱ ጋር የሚነጋገሩት በ2.4 ወይም በ5.8 ጊጋኸርዝ ነው፤ ሁለቱም ኮረብታ ሰንጥቀው አያልፉም። ካርቶኑ ላይ «10 ኪሎ ሜትር» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ያ ቁጥር የሚሠራው ምንም በሌለበት ሜዳ ላይ፣ ሌላ ሲግናል በማይረብሽበት ቦታ ነው። እኔ 600 ሜትር ላይ አጣሁት። አንድ ትልቅ ሕንፃ በመሃል ቢገባ ደግሞ 200 ሜትርም ይበዛል።

ማታ ቤት ገብቼ ስልኬ ላይ ባለው የድሮኑ አፕ ውስጥ የመመለሻውን ከፍታ አየሁ። 40 ሜትር ላይ ነው። ከፋብሪካው እንደመጣ፤ አንድም ቀን ነክቼው አላውቅም። ኮረብታው ከነዛፎቹ እኔ ከቆምኩበት ቢያንስ 35 ሜትር ከፍ ይላል። በመሃል የቀረው አምስት ሜትር ነው። ይህ ከፍታ የሚለካው በአየር ግፊት ስለሆነ ደግሞ ጥቂት ሜትር ወዲህ ወዲያ ሊል ይችላል። ያን ቀን ድሮኔን ያተረፈው ቴክኖሎጂ ሳይሆን ዕድል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። ሲግናል ሲጠፋ ድሮኑ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል። ከዚያ አንተ ወደ ሞላኸው ከፍታ ይወጣል። ከዚያ አፍንጫውን ወደ መነሻው አዙሮ በቀጥታ መስመር ይሄዳል። ደርሶ ይወርዳል። አለቀ። ብልህ አይደለም፤ ታዛዥ ነው። 40 ሜትር ካልከው 40 ነው፤ መንገዱ ላይ 50 ሜትር የሚቆም ነገር ካለ ይጋጨዋል። የእኔ ዓይነቱ ዕውር ነው ብያችኋለሁ። የፊት ሴንሰር ያላቸው ይሻላሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ቀጭን የመብራት ሽቦና ቅጠሉ የረገፈ ቅርንጫፍ ያመልጣቸዋል፣ ብዙዎቹም ሲጨልም አያዩም። ከፍታው የሚቆጠረው ከተነሳበት መሬት መሆኑም አይረሳ። ከሸለቆ ውስጥ ተነስተህ ወደ ዳገቱ ካበረርከው፣ ስክሪኑ 40 ሜትር እያለህ ድሮኑ ሳር እየታከከ ሊሆን ይችላል።

ያን ዕለት ምስሉ 38ኛው ሰከንድ ላይ የተመለሰውም ሌላ ተአምር ስለተፈጠረ አይደለም። ድሮኑ ከፍ ብሎ እየቀረበ ሲመጣ ኮረብታው አናት ላይ ደረሰ፤ ያኔ እኔና እሱ ተያየን። ከዚያ ወዲህ ሲግናል ሲጠፋ አልሮጥም። ቆሜ እጠብቃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ከፍታው ራሱ ሲግናሉን ይመልሰዋል።

አሁን ደግሞ ወደ ርዕሱ። በአምስተኛው ወር ወንዝ ዳር ነበርኩ። ድሮኑ ውሃውን ይዞ ይበራል፣ እኔ ከስር በእግሬ እከተለዋለሁ። ሳላስበው 300 ሜትር ያህል ተጓዝኩ። ባትሪው 35 በመቶ ሲደርስ ይብቃው ብዬ የቤቷን ቁልፍ ተጫንኩ። ድሮኑ ከፍ አለ። ዞረ። ወደ እኔ መጣ። እጄን እንደ እንግዳ ተቀባይ ዘርግቼ ቆምኩ። አናቴ ላይ ደረሰ… አልፎኝ ሄደ። ዞሬ ሳየው እየራቀ ነው። ለካ እሱ የሚያውቀው እኔን ሳይሆን ከአንድ ሰዓት ሩብ ቀደም ብሎ የተነሳበትን ድንጋይ ነው። በመሃል ባትሪ የቀየርኩትም እዚያው ድንጋይ ላይ ነበር።

ጫማዬ ጭቃ ሆኖ ስደርስ ድንጋዩ ላይ አርፎ አገኘሁት። ምንም አልሆነም። ግን አስቡት፤ የተነሳው ከጀልባ ላይ ቢሆን? ጀልባው ሄዷል፣ ድሮኑ ውሃው ላይ ሊያርፍ ይወርዳል። አፑ ውስጥ «መነሻውን አሁን ወዳለሁበት ቀይር» የሚል አማራጭ አለ። ከቦታዬ ከተንቀሳቀስኩ መጀመሪያ የማደርገው እሱን ነው።

መነሻው የሚመዘገበውም የጂፒኤስ ሳተላይት በበቂ ሁኔታ ከተያዘ በኋላ ነው። የእኔ ድሮን ሲመዘግብ በድምፅ ይናገራል። ድምፁን ሳልሰማ አልነሳም። አንድ ቀን ቸኩዬ ከአንድ ጣሪያ ስር አስነሳሁት፤ «መነሻው ተመዝግቧል» የሚለውን የሰማሁት ከፍ ብሎ 60 ሜትር ከራቀ በኋላ ነው። ያን ቀን ሲግናል ቢጠፋ የሚመለሰው እዚያ፣ አጥር ላይ ነበር።

ብዙ ሰው ግራ የሚያጋባው ሌላ ጉዳይ አለ። ምስል መጥፋትና ሲግናል መጥፋት አንድ አይደሉም። ፀሐይ በበረታበት ቀን ስልኬ ጋለና አፑ ተዘጋ። ጥቁር ስክሪን። «ችግር የለም፣ ራሱ ይመለሳል» ብዬ ቆምኩ። አንድ ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ። የለም። ድሮኑ የማይመለስበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ምንም አልጠፋበትም! ሪሞቱ ከእሱ ጋር እንደተገናኘ ነው፤ የሞተው ስልኩ ብቻ ነው። ስለዚህ ትእዛዝ እየጠበቀ አየር ላይ ቆሟል፣ ባትሪውም ይነጉዳል። በመጨረሻ ቁልፏ ትዝ አለችኝ። ተጫንኳት፣ መጣ። የቁልፏ ትልቁ ጥቅም ይሄ ይመስለኛል፤ ስልክ አትፈልግም።

ንፋስን የናቅኩባት ቀንም አለች። ለመቅረጽ ሲሄድ ንፋሱ ከኋላው ይገፋዋል፤ ድሮኑ ፈጣን፣ እኔም ደስተኛ። መመለሻው ላይ ጉድ ፈላ። ሒሳቡን ሥሩት፦ ድሮኑ በሰከንድ 10 ሜትር መሄድ ቢችልና ንፋሱ በሰከንድ 7 ሜትር ፊት ለፊት ቢመታው፣ የሚቀረው 3 ሜትር ነው። ንፋስ በሌለበት 90 ሰከንድ የሚፈጀው 900 ሜትር አምስት ደቂቃ ይወስዳል። ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ ንፋሱ ይብሳል፤ መመለሻው የሚጀምረው ከፍ በማለት መሆኑን አስታውሱ። ያን ቀን 9 በመቶ ባትሪ ይዞ አረፈ። ባትሪው እጅግ ሲወርድ ድሮኑ መመለሱን ትቶ ባለበት ቦታ መውረድ ይጀምራል፤ ስሩ ገደል ይሁን ኩሬ ግድ የለውም። አሁን መጀመሪያ ወደ ንፋሱ አበርራለሁ፣ ስመለስ ይገፋዋል።

ባትሪው ሲቀንስም ራሱ ይነግራል። «ልመለስ ነው» ብሎ ይቆጥራል፤ መሰረዝ ትችላለህ። አንድ ጊዜ ለአንድ ቪዲዮ ስል ሰርዤዋለሁ። ቪዲዮውን ሳየው ይህን ያህል የሚያስጓጓም አልነበረም።

አንቴናን በተመለከተ ለወራት ተሳስቼ ኖሬአለሁ። ጫፋቸውን እንደ ጦር ወደ ድሮኑ እቀስር ነበር። የእኔ ሪሞት ላይ ያሉት ሲግናል የሚወጣቸው ከጎናቸው ነው፤ ከጫፋቸው ደካማ ነው። ጠፍጣፋው ጎን ወደ ድሮኑ ይዙር። ደግሞ ጀርባህን ሰጥተህ አትቁም፤ የሰው ገላ ራሱ ሲግናል ይውጣል።

አምራቹን የምወቅስበት አንድ ነገር አለ። የመመለሻ ከፍታን ያህል ጉዳይ አፑ ውስጥ በሦስተኛው ሜኑ ስር ተቀብሯል። መጀመሪያ ስትከፍተው ስለ ፎቶ ማሳመሪያ ሁለት ገጽ ያሳይሃል፤ ስለ ከፍታው ግን አንድ ጥያቄ አይጠይቅህም። ይህ ለእኔ ስንፍና ነው።

የቀረውን በአጭሩ። ካሜራው በቀን ብርሃን ደህና ነው፣ ሲመሽ ምስሉ አሸዋ ይሆናል። ፕሮፔለር ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ፤ ጫፉ ትንሽ ከተሸረፈ ቪዲዮው ይንቀጠቀጣል። ባትሪው ካርቶኑ ላይ 31 ደቂቃ ይላል፤ እኔ አዲስ እያለ 23 ደቂቃ አገኘሁ፣ አሁን 21። ካሉኝ ሦስት ባትሪዎች አንዱን ሙሉ ቻርጅ አድርጌ ለሳምንታት ረስቼው ሆዱ ተነፋ፤ ጣልኩት። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ባትሪ ግማሽ አካባቢ ቢሆን ነው የሚበጀው። ኮምፓሱ መኪና ጣሪያ ላይም ሆነ ብረት በበዛበት ኮንክሪት ላይ ስታስቀምጠው ያኮርፋል፤ እንዲያ ሲሆን ሌላ ቦታ መፈለግ ነው እንጂ ግድ የለም ብሎ ማስነሳት አይበጅም።

በድጋሚ እገዛዋለሁ? አዎ። ያቺን ቁልፍስ አምናታለሁ? በሞላሁላት ቁጥር ልክ አምናታለሁ። አዲስ ቦታ ስሄድ መጀመሪያ ዙሪያዬን አያለሁ፤ ረጅሙ ነገር የቱ ነው? ዛፍ፣ ምሰሶ፣ ሕንፃ። በእሱ ላይ 20 ሜትር ጨምሬ እሞላለሁ፣ ለበረራ ከተፈቀደው የከፍታ ጣሪያም እንዳያልፍ አያለሁ። ከዚያ 100 ሜትር ያህል አርቄው ቁልፏን እጫናለሁ፣ ሲመጣ በዓይኔ አየዋለሁ። ሊያርፍ 10 ሜትር ሲቀረው መቆጣጠሪያውን ራሴ እይዛለሁ።

ባለፈው ሳምንት አፕዴት አድርጌው ከዚያው ጓደኛዬ ጋር ወጣን። «ኮረብታው ጀርባ እንሂድ?» አለኝ እየሳቀ። ሜኑውን ከፈትኩ። ከፍታው ተመልሶ 40 ሆኗል። 90 አድርጌ ቀየርኩትና ድሮኑ «መነሻው ተመዝግቧል» እስኪል ጠበቅኩ።