የሜርኩሪ አምፖል ወይስ ኤልኢዲ? የዩቪ ማድረቂያ ከመግዛታችሁ በፊት

የዩቪ ማድረቂያ ቀለምን፣ ቫርኒሽን ወይም ማጣበቂያን በዩቪ (በዓይን በማይታይ አልትራቫዮሌት ብርሃን) የሚያጠነክር መሣሪያ ነው። ሻጩን መጀመሪያ ዋጋ አትጠይቁት። «የኔን ቀለም ያደርቃል ወይ?» በሉት። ምርጫውን የሚወስነው የምትሠሩበት ቀለም፣ ቫርኒሽ ወይም ማጣበቂያ ነው።

«ማድረቅ» የምንለው ለአፍ ስለሚቀል እንጂ የሚተን ነገር እምብዛም የለም። ቀለሙ ውስጥ ፎቶኢኒሼተር የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ዩቪ ሲያርፍበት ይሰነጠቅና የፈሳሹን ሞለኪውሎች እንደ ሰንሰለት ማያያዝ ይጀምራል። ብዙ ጊዜ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ፈሳሹ ይጠነክራል። ታዲያ ፎቶኢኒሼተር ሁሉ የሚነቃው በየራሱ የሞገድ ርዝመት ነው።

የሜርኩሪ አምፖል ከ200 እስከ 450 ናኖሜትር (የሞገድ ርዝመት መለኪያ) ድረስ ያለ ብርሃን ስለሚረጭ ቀለም አያማርጥም። ኤልኢዲ ኃይሉን የሚያወጣው በአንድ ጠባብ ቦታ ነው፦ 365፣ 385፣ 395 ወይም 405 ናኖሜትር። ለሜርኩሪ የተቀመመ ቀለም ኤልኢዲ ስር ቢያልፍ እንደረጠበ ሊወጣ ይችላል።

መብራቱ ስር ያለፈው ናሙና ላይ አውራ ጣታችሁን ተጫኑና ጠምዘዝ አድርጉት። ላዩ ካጣበቀ፣ ብዙ ጊዜ ተጠያቂው የአየሩ ኦክስጅን ነው፤ የላይኛውን ሽፋን እንዳይጠነክር ይከለክለዋል። አጭሩ ሞገድ እዚህ ላይ ስለሚያግዝ ሜርኩሪ ይበልጣል። ላዩ ደርቆ ከሥሩ ከተንሸራተተ ግን ብርሃኑ ወደ ውስጥ አልዘለቀም። ለወፍራምና ለነጭ ቀለም የ395 ኤልኢዲ የተሻለ ይዘልቃል።

ሜርኩሪ ለመሞቅ ደቂቃዎች ይፈልጋል። ካጠፋችሁት ደግሞ ሳይቀዘቅዝ አይበራም። ስለዚህ ሥራ ባይኖርም መዝጊያው ተዘግቶ ሲነድ ይውላል። አምፖሉ ከ1,000 እስከ 2,000 ሰዓት ገደማ ያገለግላል፤ ሙቀቱ ስስ ፕላስቲክ ያጣምማል፤ ብርሃኑ ከአየሩ ኦክስጅን ለሚፈጥረው ኦዞን የሚባል ጎጂ ጋዝም የጭስ ማውጫ ቱቦ ያስፈልጋል። ኤልኢዲ እንደነካችሁት ይበራል፣ ኦዞን አያወጣም፣ በደንብ ከቀዘቀዘ 20,000 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይሠራል። «አይሞቅም» ሲሏችሁ ግን ግማሹን ብቻ እመኑ። ዕቃውን ብዙም አያሞቀውም፣ ራሱ ግን ይግላል። የአየር ወይም የውሃ ማቀዝቀዣውን ከዋጋው ጋር ደምሩት።

እኔ ብሆን፣ ቆም ቀጥል ለሚል ሥራና ለስስ ፕላስቲክ ሳላመነታ ኤልኢዲ እወስዳለሁ። ላዩ እንዳይጫር የሚፈለግ ቫርኒሽ ከሆነ፣ ወይም የቀለም አቅራቢያችሁ የኤልኢዲ ቅመም ከሌለው ሜርኩሪ ይሁን።

በብሮሹር ላይ ያለው የዋት ቁጥር አያታላችሁ። የኤልኢዲው ብዙ ጊዜ የሚለካው መብራቱ አፍ ላይ ነው፤ ዕቃችሁ ራቅ ሲል ይቀንሳል። ዕቃውን መብራቱ ስር የሚያሳልፈው ቀበቶ በፈጠነ ቁጥር ደግሞ የሚደርሰው ጁል (ጠቅላላ የብርሃን ኃይል) ያንሳል። የራሳችሁን ቀለም ይዛችሁ ሂዱ፤ በራሳችሁ ፍጥነት አሳልፈው በሬዲዮሜትር (በብርሃን መለኪያ) ይለኩላችሁ።