ኤቲኤፍ ደብሊውኤስ ለራቭፎር ሃይብሪድ፦ የፊቱም የኋላውም
የ2019 ራቭፎር ሃይብሪድ ኦል ዊል (አራቱም ጎማ የሚነዳው) ላይ ኦሪጅናሉን የቶዮታ ካምቢዮ ዘይት፣ ኤቲኤፍ ደብሊውኤስ ነው ያስገባሁት፣ ወድጄዋለሁ። ደስ የሚለው የፊቱ ካምቢዮም የኋላውም የሚወስዱት ይሄንኑ ዘይት ነው፣ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ዘንግ ስለሌለው ትራንስፈር ኬዝ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ሳጥን) ምናምን የለም። ብዙ ሰው የኋላውን ይረሳዋል ወይ ደግሞ ወፍራም የዲፈረንሻል ዘይት ካልጨመርኩ ይላል፣ ኧረ ተዉ! እዛ ውስጥ እኮ የኤሌክትሪክ ሞተር አለ። የወጣው ጠቆር ብሏል፣ አዲሱ ቀይ ነው። ስትቀይሩ መጀመሪያ የመሙያውን ቡሎን ፍቱ፣ ከታች አፍስሳችሁ እሱ እምቢ ካለ መኪናው እዛው ቀረ ማለት ነው። ሜዳ ላይ አቁማችሁ ከመሙያው ቀዳዳ እስኪንጠባጠብ ሙሉ፣ ሮንዴላውም አዲስ ይሁን፣ ቦታው ጠባብ ስለሆነ የእጅ ፖምፓ ያዙ። ዘይቱ ሲቀየር ድምፅ ቀነሰ ለሚሉት ግን እኔ ምንም አልሰማሁም።