የዶም ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት «ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ ስንት ነው?» በሉ

ለበረሃ ካምፒንግ የሚሆን «ራስዎ የሚገጣጥሙት ጂኦዴዚክ ዶም» (የብረት ቱቦዎች በሦስት ማዕዘን እየተገጣጠሙ ሸራ የሚለብስ የግማሽ ሉል ቅርጽ ድንኳን) የሚል ማስታወቂያ አይታችሁ ቀብድ ልትልኩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ መጀመሪያ ይህን አንብቡ። እኔ ሳልጠይቅ ልኬ ተበልቻለሁ። የሻጩን ስም አልጠራም። ተመሳሳይ ዕቃ በተለያየ ስም ስለሚሸጥ ስሙን ብታውቁም ብዙ አይጠቅማችሁም። ማታለያውን ካወቃችሁ ግን ማንም አይበላችሁም።

ማስታወቂያው አፍ ያስከፍታል። ወርዱ 6 ሜትር፣ ስፋቱ 56 ካሬ ሜትር፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ንፋስ የሚችል፣ በዚያ ላይ «ልዩ የስሌት ቀመር» ያለው። ለቀመሩ ብቻ ተጨማሪ ክፍያ አለው። እኔም ከፈልኩ።

ከስፋቱ ልጀምር። ወርዱ 6 ሜትር የሆነ ክብ ወለል 28 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ታዲያ 56 ከየት መጣ? የግማሽ ሉል ሽፋን ሁልጊዜ የወለሉን እጥፍ ነው። የነገሩኝ የሸራውን ስፋት ነበር። ሸራ ላይ ደግሞ ፍራሽ አይነጠፍም። ከ28ቱም ቢሆን ጠርዙ አካባቢ ግድግዳው ወደ ውስጥ ስለሚያዘነብል ቀጥ ብሎ መቆም አይቻልም። ቁመቱ 1.80 የሆነ ሰው ጎንበስ ሳይል የሚሄደው መሀል ላይ ባለው 4.8 ሜትር ወርድ ውስጥ ነው። ለስምንት ሰው ብለን የገዛነው አራት ሰው ከነሻንጣው ሞላው።

ቀመሩ ምንም ምስጢር የለውም። አሜሪካዊው ንድፍ አውጪ በክሚንስተር ፉለር የጂኦዴዚክ ዶም ፓተንቱን (የፈጠራ ባለቤትነት መብቱን) በአሜሪካ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። የፓተንቱ ዘመን ካለቀ ቆይቷል። ለካምፕ የሚሠራው ቀላሉ ዓይነት ሁለት የቱቦ ርዝመት ብቻ ነው ያለው። የዶሙን ሬዲየስ (የወርዱን ግማሽ) በ0.618 ስታባዙ ረጅሙ፣ በ0.5465 ስታባዙ አጭሩ ይመጣል። ረጅሙ 35፣ አጭሩ 30፣ በድምሩ 65 ቱቦ። መገናኛው 26። አለቀ። እኔ የከፈልኩበት ወረቀት ላይ ያለው ይኸው ነው። እናንተ አሁን በነፃ አገኛችሁት።

አሁን ዋናው ጉድ። ሬዲየሱ 3 ሜትር ለሆነ ዶም ረጅሙ 1.854፣ አጭሩ 1.64 ሜትር መሆን አለበት። ዕቃው ሲመጣ ሜትር አውጥቼ አንዱን ረጅም ቱቦ ለካሁ። ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.85 ከምናምን። ልክ ነው ብዬ ደስ አለኝ። የተሸወድኩት እዚህ ላይ ነው። የቱቦው ሁለት ጫፍ ተጨፍልቆ ነው የሚበሳው። ቡሎኑ የሚገባበት ቀዳዳ ከጫፉ 2 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ለዶሙ የሚቆጠረው ከአንዱ ቀዳዳ መሀል እስከ ሌላው ቀዳዳ መሀል ያለው ርዝመት ብቻ ነው። ያ ደግሞ 1.81 ነበር። አጭሩም እንደዚሁ 1.60 ብቻ። በየቱቦው 4 ሳንቲሜትር ጎደለ።

ሁሉም እኩል ስላጠረ ዶሙ ይገጥማል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው የማይነቃው። ሬዲየሱ ግን ወደ 2.93 ወረደ። ሸራው የተሰፋው ለ3 ሜትር ነው። ከመሬት ተነስቶ በአናቱ በኩል እስከ ወዲያኛው መሬት ሲለካ ከ20 ሳንቲሜትር በላይ ይተርፋል። ቀን፣ ንፋስ ሳይኖር፣ ትንሽ የተሸበሸበ ይመስላል እንጂ አያስደነግጥም። እኛም «ነገ እንወጥረዋለን» ብለን ተኛን።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ንፋሱ ተነሳ። የተረፈው ሸራ እየተነፋ፣ እየተመታ፣ እንደ ጅራፍ ይጮህ ጀመር። የላላ ሸራ የተወጠረ ሸራ አይደለም። ንፋሱን በላዩ አያሳልፍም፣ በእያንዳንዱ ምት ቱቦዎቹን ይነቀንቃቸዋል። በባትሪ ሳይ ስድስት ቱቦ የሚገናኝበት አንዱ ቦታ ተከፍቷል። ስድስት የተጨፈለቀ ብረት ሲደራረብ ይወፍራል፣ ሮንዴላም አለበት። የተላከው ቡሎን ግን አራት ለሚገናኝበትም ስድስት ለሚገናኝበትም አንድ ልክ ነው። ዳዶው የያዘው ሁለት ጥርስ ብቻ ስለነበር ተፈትቶ ወደቀ። ከታች በኩል ያሉት ቱቦዎች ደግሞ የተጨፈለቁበት ጠርዝ ላይ ተሰንጥቀዋል። ጣቴን ሳሳልፍበት ስንጥቁ ጥፍሬን ያዘው። የቱቦው የብየዳ መስመር ልክ እጥፋቱ ጠርዝ ላይ ውሎ ነው የተጨፈለቀው። ስስ ቱቦ ከዚያ ነው የሚሄደው።

ሸራውን ቆርጠን አወረድንና መኪና ውስጥ አነጋን። ማንም አልተጎዳም፣ ተመስገን። ያ ሁሉ ብረት የተኛ ሰው ላይ ቢወርድ ኖሮ እያልኩ እስካሁን ይሰቀጥጠኛል።

«100 ኪሎ ሜትር ንፋስ ይችላል» ስለሚሉት ደግሞ ይህን ያዙ። የንፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ንፋስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 6 ኪሎ ያህል ይገፋል። በ72 ወደ 25 ኪሎ ይደርሳል። በ100 ወደ 48። ይህን ሁሉ ይይዛል ተብሎ የተላከው አንድ ስንዝር የሚሆን አሥር ቀጭን ችካል ነው። አሸዋ ውስጥ ተክዬው በሁለት ጣት ነቀልኩት። አሸዋ ላይ የሚይዘው የተቀበረ ነገር ነው። ከረጢት አሸዋ ትሞሉና ወገቡን በጠንካራ ገመድ አስራችሁ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ትቀብሩታላችሁ፣ ገመዱን ከዶሙ እግር ጋር ትወጥራላችሁ። በዙሪያው ላሉት አሥሩም እግሮች እንዲህ ይደረጋል። ጉልበት ይጠይቃል፣ ግን ይይዛል።

ስለ ሙቀቱ ብዙ አልልም። ሸራው አናቱ ላይ መተንፈሻ አልነበረውም። እኩለ ቀን ላይ ከውጭው ይልቅ ውስጡ ይብሳል። ሙቅ አየር ከላይ ካልወጣ ቀዝቃዛው ከታች አይገባም።

የፒቪሲ ቱቦ ዶም በርካሽ የሚሸጡም አሉ። ለበረሃ አትግዙት። ነጩ የውሃ ቱቦ በ60 ዲግሪ ሙቀት የሚችለው ግፊት በክፍል ሙቀት ከሚችለው አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ይጎብጣል። ፀሐይ ላይ ሲከርም ደግሞ ይሰባበራል።

ራሴ ልሥራ ለሚል፣ በኔ ይሁንባችሁ፣ ያዋጣል። ሞርሳ፣ ትራፓኖና ትዕግሥት ካላችሁ ከባድ አይደለም። መጀመሪያ በቀጭን እንጨት በአንድ አሥረኛ ልክ ያነሰ ናሙና ሠርታችሁ እዩት። ቱቦውን ስትቆርጡ ለሁለቱ ጫፍ የሚሆነውን 4 ሳንቲሜትር ጨምሩ። የብየዳውን መስመር ከጠርዝ አውጥታችሁ ጠፍጣፋው ፊት ላይ እንዲውል አድርጉ። የረጅሙን ጫፍ ወደ 18 ዲግሪ፣ የአጭሩን ወደ 16 ዲግሪ እጠፉ። ቡሎኖቹን ሁሉም ቱቦ እስኪገባ ድረስ አታጥብቁ። ሸራውን በመጨረሻ፣ የቆመውን ዶም ለክታችሁ አሰፉ። እኔ አሁን እንደዚያ እየሠራሁ ነው።

መግዛቱ ይሻለኛል ለሚል ግን ሻጩን አንድ ጥያቄ ጠይቁት። የነገርከኝ ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ ነው ወይስ ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ? እኔ በሌላ ስልክ፣ እንደ አዲስ ገዢ ሆኜ፣ ያንኑ ሰውዬ ጠየቅሁት። «ወንድሜ፣ ያው ነው፣ ምንም ልዩነት የለውም» አለኝ። ይህን መልስ ከሰማችሁ ቀብዱን አትላኩ።