ጠንካራው ካምቢዮ በጎንደር ዳገት፦ የ9 ወር ልምድ

በቮልስዋገን ጎልፍ 2 መኪናዬ ላይ 02ኤ የተባለውን ጠንካራ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ካስገጠምኩ 9 ወር ሞላኝ። አልተሰበረም፣ ዘይት አያንጠባጥብም፣ ማርሹም ሳይንገራገጭ ይገባል። በዚህ በኩል ብዙ የምለው የለኝም። ይህን እንድጽፍ ያስገደደኝ ሁለተኛ ማርሹ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ከአሮጌው ካምቢዮ መጀመር አለብኝ። መኪናዬ ጂቲአይ ስትሆን ከፋብሪካ የወጣችው 112 የፈረስ ጉልበት ባለው 1.8 ሊትር ሞተርና 020 በሚባለው ካምቢዮ ነበር። እኔ ግን ከተጋጨ ጎልፍ 4 የወረደ 1.8 ቱርቦ ሞተር አስገባሁባት፤ ይህም 150 የፈረስ ጉልበት ያለው ከመሆኑም በላይ 210 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይሉን ገና በደቂቃ ከ1750 ዙር ጀምሮ ያወጣል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ አሮጌው ካምቢዮ ለዓመታት በሰላም የኖረውም በከፊል ስሱ አየር ስላገዘው ይመስለኛል። ቱርቦው አየሩን ጨምቆ ሲያስገባ ያ እገዛ ቀረ።

አንድ እሑድ ማለዳ ወደ ጎሃ ሆቴል በሚያወጣው ዳገት ላይ ከእግሬ በታች የብረት ድምፅ ሰማሁ። ዳር ይዤ ብጎነበስ ዘይቱ ቁልቁል ይወርዳል። ጋራዥ ገብቶ ሲፈታ፣ ኮሮናውን (ትልቁን የመጨረሻ ጥርስ) ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ ከሚያካፍለው ዲፈረንሻል ጋር ካያያዙት ሪቬቶች (ተቀጥቅጠው የሚያስሩ የብረት ሚስማሮች) የአንዱ ራስ ተቆርጦ የካምቢዮውን ቤት በስቶት ተገኘ፤ ቀዳዳው አውራ ጣት ያሳልፋል። ከሽንብራ ብዙም የማትበልጠውን ያችን የሪቬት ራስ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጫታለሁ። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የካምቢዮው አይደለም፤ ለዚያ ኃይል አልተሠራም።

02ኤን የገዛሁት አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ነው። ሻጩ «ወንድሜ፣ ይህ የናፍጣ ካምቢዮ ነው፤ ተራራ ቢጭኑበት አይሰበርም» አለኝ፤ እኔም የሪቬቷን ራስ እያሰብኩ ሌላ ጥያቄ ሳልጠይቅ ከፈልኩ። ገጠማው ቀላል አልነበረም። አሮጌው ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያለያየው) በካቦ የሚሠራ ሲሆን አዲሱ በዘይት ግፊት ስለሚሠራ ፔዳሉና ፓምፔታው ተቀየሩ፤ ቮላኖው (ፍሪሲዮኑ የሚታሰርበት የሞተሩ ከባድ ጎማ)፣ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው)ና የግራው የካምቢዮ መያዣም እንዲሁ። ማርሹ በዘንግ መሆኑ ቀርቶ በሁለት ካቦ ሆነ። የ02ኤ ኮሮናም ከፋብሪካ ሲወጣ በሪቬት የታሰረ በመሆኑ፣ ከመገጠሙ በፊት ሪቬቶቹን አስወጥቼ በቡሎን አሳሰርኩት፤ ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ የማልጸጸትበት ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ዳገቱ ጉዱን ያሳየኝ። ከፒያሳ ተነሥቼ ሽቅብ ስወጣ አንደኛ ማርሽ ቶሎ ይጮኻል፤ ወደ ሁለተኛ ስቀይር ግን የሞተሩ ዙር ቱርቦው ከሚነቃበት በታች ይወርድና መኪናዋ ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ትንገዳገዳለች። ፊት ለፊቴ ባጃጅ ካለ ደግሞ ፍሪሲዮኑን በከፊል ረግጬ ከመታገል በቀር ምርጫ የለኝም፤ የተቃጠለ የፍሪሲዮን ሸራ ሽታ ልብሴ ላይ ሳይቀር ይቀራል። በወር ውስጥ ሦስት ጊዜ መካኒኬን ስለ ቱርቦው ወቀስኩት፤ ቱርቦው ግን ደህና ነበር። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

እውነቱን ያወቅነው በአምስተኛው ወር፣ ካምቢዮው ለሌላ ሥራ ሲወርድ ነው። ከአሮጌው ጋር መሬት ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠን፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብተን፣ አንደኛውን የሴሚያስ ፍላንጅ (ወደ ጎማ የሚሄደው ዘንግ የሚታሰርበትን) መካኒኩ ጨምቆ ያዘ፤ እኔም ነጻውን ፍላንጅ በጠመኔ ምልክት አድርጌ ሁለት ሙሉ ዙር እስኪዞር ድረስ ከሞተር በኩል የሚገባውን ዘንግ እያዞርኩ ቆጠርኩ። ሁለት ዙር የሚያስፈልገው አንዱ ጎን ሲያዝ ዲፈረንሻሉ ሌላውን በእጥፍ ስለሚያዞረው ነው። አሮጌው ወደ 8 ዙር ተጠጋ፤ አዲሱ 7 እንኳ አልሞላም። የናፍጣ ሞተር በዝቅተኛ ዙር ስለሚሠራ ካምቢዮው ረጅም ሆኖ፣ ማለትም በጥቂት የሞተር ዙር ጎማውን ብዙ እንዲያዞር ሆኖ መሠራቱ ለእርሱ ትክክል ነው፤ ለእኔ ቤንዚን ሞተርና ለእኔ ከተማ ግን አይሆንም።

ሻጩ ዛሬ ፊቴ ቢቆም የምለው ይህን ነው፦ ጥንካሬውን አልዋሸኸኝም፤ ግን መኪናው የት እንደሚነዳ አልጠየቅኸኝም። በባሕር ዳር መንገድ ከአዘዞ ካለፍኩ በኋላ አምስተኛ ማርሽ ላይ ሞተሩ ፀጥ ብሎ ሲሄድ በእውነት ደስ ይለኛል፤ ይሁን እንጂ የምውለው ማራኪና ፒያሳ መካከል ነው። መካኒኬም ቢሆን ጥርሱን ሳይቆጥር ስለገጠመ ቅሬታ አለኝ፤ የእኔ ጥፋት ግን ይበልጣል።

ካምቢዮውን አልሸጠውም። አሮጌው የተበሳበትን ዳገት በየቀኑ አወጣዋለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ «አሁን ይሰበር ይሆን?» ብዬ ጆሮዬን አላቆምኩም። የተስማማነው ከቤንዚን ሞተር ጋር የነበረ 02ኤ ፈልገን፣ ኮሮናውንና ከእርሱ ጋር የሚሄደውን ዘንግ ከነጥርሱ ወደዚህኛው ቤት ለማዛወር ነው፤ አንዱም ሶማሌ ተራ ውስጥ ተገኝቷል። በዚህ ጊዜ ገንዘቡን ከመላኬ በፊት ሻጩ ፍላንጁን ይዞ ዘንጉን ሲያዞር በቪዲዮ እንዲያሳየኝ ጠይቄአለሁ።