ላሊበላ ከአያቶቼ ጋር፦ ለአስጎብኚው 5 ኮከብ፣ ለመኪናው 2

አያቶቻችሁን ይዛችሁ ላሊበላ ልትሄዱ ከሆነ አስጎብኚ ያዙ፣ በቃ መጀመሪያ የምለው ይሄንን ነው። "እኛ የቤተክርስቲያን ልጆች ነን፣ አስጎብኚ ለፈረንጅ ነው" የሚል ሰው ብዙ ነው፣ አባባም ራሳቸው እንደዛ ነው ያሉት። እኔ ግን የከተማው ልጅ የሆነ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ቀድሜ በስልክ አናግሬ ጨርሼ ነበር፣ ቀኑ ያማረልን በሱ ነው።

ጠዋት ሆቴል በር ላይ ሲያገኘን ታሪክ አልጀመረም፣ "እናቴ ጉልበትዎ እንዴት ነው? የሚከብድዎት ደረጃ መውጣት ነው ወይስ መውረድ?" ብሎ ጠየቀ። እማማ "መውረዱ ነው ልጄ" ሲሉት እዛው ቆሞ ፕሮግራሙን ቀየረው። 11ዱንም ቤተክርስቲያን በአንድ ቀን ማዳረስ ለወጣት ይሆናል፣ ለአያቶች ግን ከተማዋ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ትንሽ ሲራመዱ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ እኛ ደግሞ ከአዳማ ነው የሄድነው። ስለዚህ ጥቂቱን በደንብ እንይ፣ ሌላውን ከላይ ሆነን እንሳለም ተባባልን።

ከቤተ መድኃኔዓለም ጀመርን። ትልቁ እሱ ነው፣ ከ33 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ህንፃ ከአንድ አለት ተፈልፍሎ የወጣ። በ2008 እ.ኤ.አ. ከላይ የተሰራውን መጠለያ ብዙ ሰው እይታ አበላሸ ብሎ ይጠላዋል፣ እውነትም ፎቶ ላይ አያምርም፣ ግን ሽማግሌ ይዞ ለሄደ ሰው ያ ጥላ ትልቅ ነገር ነው እላለሁ። ውስጥ ስንገባ ልጁ "ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ እንቁም" ብሎ አያቶቼን በሁለት እጁ ያዛቸው፣ ምንጣፉ ስር ወለሉ ወጣ ገባ ስለሆነ ሰው የሚወድቀው እዛ ጋ ነው አለ። አፍሮ አይገባ የሚባለው መስቀል በ1989 ዓ.ም. ከዚህ ተሰርቆ በኋላ እንደተመለሰ ሲነግራቸው እማማ ወሬውን ያኔ ሰምተው ስንት ቀን እንዳዘኑ አወሩት፣ እሱም ሳያቋርጥ ሰማቸው። ይሄ ነው የወደድኩለት፣ እሱ ብቻ አያወራም።

ቤተ ማርያም ቅጥሩ ውስጥ ብዙ ተቀመጥን። ቤተ ጎልጎታ ሴት እንደማይገባ ልጁ ጠዋት ቀድሞ ስለነገራቸው እማማ በር ላይ ደርሰው አልተከለከሉም፣ እዛው ቤተ ማርያም ዳዊታቸውን ይዘው ቀሩ። አባባ ገብተው ወጡና "ላንቺም ስሜልሻለሁ" ሲሏቸው እማማ "እርስዎም ይሳሙልኝ" አሉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር፣ አሁንም ሳስበው ደስ ይለኛል።

አባባ ይሄን መላእክት ናቸው የሰሩት ብለው ነው የሚያምኑት። ልጁ አልተከራከራቸውም፣ ግድግዳው ላይ የመሮውን ምልክት በጣታቸው አስነካቸውና ንጉሥ ላሊበላ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ላይ እንደነገሠ ነገራቸው፣ አንዳንድ ተመራማሪዎች የተወሰኑት ህንፃዎች ከሱ ይቀድማሉ እንደሚሉም ጨመረ። አባባ ምልክቱን ደጋግመው እየዳሰሱ "ቀን ሰው ሌሊት መልአክ" አሉ፣ በዚሁ ተስማሙ።

እኩለ ቀን ላይ ስለሚዘጋ ምሳና እረፍት። እዚህ ጋ ነው መኪናው ያበሳጨኝ። ለቀኑ የተከራየነው ሚኒባስ በር ላይ ይጠብቃችኋል ተብሎ ተነጋግረን ሹፌሩ ሌላ ሰው ሊያደርስ ሄዷል፣ ስልክ አያነሳም፣ ሁለት ሽማግሌ ፀሐይ ላይ ቆመው ቀሩ። ሲመጣም ይቅርታ የለም። ከሰዓት ደግሞ ቅርብ ድረስ መግባት እየቻለ ሩቅ አወረደን። ለአረጋውያን መኪናው ከጉብኝቱ እኩል ወሳኝ ነው፣ ቀን ሙሉ ከናንተ ጋር እንደሚሆን አስረግጣችሁ ተነጋገሩ።

ከሰዓት ቤተ ገብርኤል ወ ሩፋኤል ሄድን። ከዛ ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚያሻግረው ዋሻ ድቅድቅ ጨለማ ነው፣ የሲኦል ምሳሌ ነው ይሉታል፣ መብራት ሳያበሩ ማለፍ ነው ወጉ። ልጁ "በውጭ ዞረን መሄድ እንችላለን" ቢላቸውም እማማ እምቢ አሉ፣ መጣሁ ካሉ መጡ ነው። "ቀኝ እጅዎን ግድግዳው ላይ ያድርጉ፣ ግራውን ጭንቅላትዎ ላይ፣ እግርዎን አያንሱ ይጎትቱት" እያለ ከፊት ከፊት ሄደላቸው፣ እኔ ከኋላ ነጠላቸውን ይዤ። እማማ እግዚኦ እግዚኦ እያሉ ብርሃኑ ጋ ሲደርሱ እልል አሉ፣ ከኋላችን የነበሩት ሰዎችም ተቀበሏቸው!

ቤተ ጊዮርጊስን መጨረሻ አደረገው። ወደ 12 ሜትር ጥልቀት ስላለው እማማ ላይ ሆነው ነው ያዩት፣ ደግሞ የመስቀሉ ቅርፅ በደንብ የሚታየው ከላይ ነው ስለዚህ ምንም አልቀረባቸውም። አባባ ወረዱ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ኮቴ ነው የሚባለውን አይተው መጡ።

አስጎብኚው ላይ ቅር ያለኝ አንድ ነገር ሰው እየፀለየ ድምፁን ከፍ ማድረጉ ነው፣ ስነግረው ቀነሰ። ቦታውን ለሚያስተዳድሩት ደግሞ እባካችሁ ደረጃዎቹ አጠገብ መያዣ፣ ቅጥሩ ጋ አግዳሚ ወንበር ይታሰብበት፣ እዚህ የሚመጣው አብዛኛው ምዕመን እኮ በእድሜ የገፋ ነው።

ጫማ ክር የሌለው፣ ቶሎ የሚወልቅ ይሁን፣ በየበሩ ስለሚወለቅ። ወፍራም ካልሲ፣ ዱላ፣ ውሃ ያዙ። ለገና ታህሳስ 29 ቤተ ማርያም ላይ የሚዘመረው ቤዛ ኩሉ በጣም ያምራል፣ ግን ህዝቡ መተላለፊያ ስለሚያሳጣ ጉልበታቸው የደከመ አያቶች ካሏችሁ በህዳር ወይም ከጥምቀት በኋላ ውሰዷቸው።