ውሃ የማይችል ረከቦት

«ውሃ አይነካውም» ብሎ የሚሸጥ ሰው ለመሆኑ ቡና ሲፈላ አይቶ ያውቃል? ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ወራት ያገለገለው ይህ ባለ መሳቢያ የኤምዲኤፍ ረከቦት የፊት ጠርዙ እንደ ቦካ ሊጥ ተነፍቷል፤ መሳቢያውም ግማሽ ድረስ ይመጣና እንቢ ይላል።

ላዩ ደህና ነው፤ የፈሰሰ ቡና በጨርቅ ይለቃል። ጣጣው ያለው ጎኑ ላይ ነው። ኤምዲኤፍ ደቃቅ የእንጨት ቃጫ በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ ነው። የላዩ ልባስ ውሃ ቢመልስም የተቆረጠው ጎን ይጠጣል። ከአቦል እስከ በረካ ሲኒ በተለቀለቀ ቁጥር የሚንጠባጠበው ውሃ በሲኒዎቹ ሥር ይጠራቀምና ማዕዘኑ ላይ በጠርዙ ልጣፍ ስንጥቅ ይሰርጋል። አንዴ ካበጠ ፀሐይ ላይ ቢውልም ወደ ልኩ አይመለስም፤ የብሎኑ ቀዳዳም ስለሚላላ ቢያጠብቁት መልሶ ይዞራል። እግሩስ? መርገጫው ምንም አልተቀባም፤ እርጥብ ቀጤማ ላይ ሲቆም ከሥር ይስባል። ቀጤማ አትጎዝጉዙ ሊሉን ነው እንግዲህ!

የገዛ ሰው ገና አዲስ ሳለ መሳቢያውን አውጥቶ የእግሩን መርገጫና ያልተለበጠውን ጎን ሁሉ ቫርኒሽ ይቀባ። ሲደርቅ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አሸት አድርጎ ይድገመው። የላዩ ሰሌዳና ክፈፉ የሚገናኙበትን ማዕዘን በቀጭኑ ሲሊኮን ይድፈነውና 24 ሰዓት ውሃ አያስነካው። ሲኒው ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ይለቅለቅ፤ ረከቦቱ ላይ ሲደረደርም ከሥሩ ትሪ ይግባ። የዕጣን ማጨሻ ፈጽሞ አይቀመጥበት፣ ሙቀቱ ልባሱን ያስነሳዋል። መሳቢያው ከተቀረቀረ ደግሞ ሳይደርቅ አይሞረድ፤ በደንብ ከደረቀ በኋላ ጎኑ ተሞርዶ ወዲያው ቫርኒሽ ካልተቀባ ሁለተኛው እብጠት ይብሳል።

ይህን ሁሉ ገዢው ከሠራ አናጢው ምን ሠራ? ዋጋው ከፍ ቢልም ዋንዛ ይሻላል፤ እሱም ቫርኒሽ ይፈልጋል፣ ግን ቢረጥብ ይደርቃል፣ ቢጫጫር ይላጋል። ሱቅ ውስጥ በሚያብረቀርቀው ፊቱ አይፍረዱ። መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ አውጥተው ጀርባውን ይዩት፤ የእንጨት ጅማት ከሌለውና እንደ ዱቄት ድፍን ካለ መልሰው ያስቀምጡት። ሻጩ ካኮረፈም ያኩርፍ።