ከተረከዝ ስብራት በኋላ፦ በባሕር ዳር ያገኘነው የፊዚዮቴራፒ አገልግሎት

ወንድሜ ከባሕር ዛፍ ከተሠራ የግንባታ መወጣጫ ላይ ወድቆ የተረከዙ አጥንት ከተሰበረ ወዲህ፣ በጣና ዳርቻ አቅራቢያ ወዳለ አነስተኛ የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ስንመላለስ ቆይተናል። ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ባለሙያዋ ጉዳዩን የሚያስረዱበትን ትዕግሥት ነው። የተረከዝ አጥንት ከቁርጭምጭሚት በታች ካሉት የእግር አጥንቶች ሁሉ ትልቁ ቢሆንም ውጫዊ ሽፋኑ ስስ በመሆኑ፣ ሰው ከከፍታ ወድቆ በእግሩ ሲያርፍ እንደ እንቁላል ቅርፊት ሊሰነጣጠቅ እንደሚችል፣ ኃይሉም ወደ ላይ ተሻግሮ አከርካሪን ሊጎዳ ስለሚችል ወገብም መመርመር እንዳለበት ነገሩን። ይህን እያንዳንዱ የግንባታ ሠራተኛ ቢያውቀው እወዳለሁ።

የመኪና አደጋም ሌላው መንስኤ ነው። ልምምዳቸውን በድንገት የሚያበዙ ሯጮችና አጥንታቸው የሳሳ አረጋውያን ደግሞ ሳይወድቁም ስንጥቅ ሊያጋጥማቸው ይችላል።

የሕክምናው አካሄድ ጥብቅ ነው፤ እንደ ስብራቱ ዓይነት ከ6 እስከ 12 ሳምንት ድረስ እግሩን ሳይረግጡ በክራንች መሄድ፣ ከዚያም ቁርጭምጭሚትን ቀስ በቀስ ማለማመድ ያስፈልጋል። ማጨስ ፈውሱን ስለሚያዘገይ ወንድሜ ሲጋራ እንዲያቆም አጥብቀው መከሩት፤ ወደ ሥራ ሲመለስም የደኅንነት ቀበቶ እንዲታጠቅ፣ ከጭነት መኪና ላይ ዘሎ እንዳይወርድ አሳሰቡት።

ቅር ያሰኘኝ መግቢያው ነው፤ ክሊኒኩ ፎቅ ላይ ሆኖ አሳንሰር ስለሌለው፣ እግሩን መርገጥ የተከለከለ ታካሚ በደረጃ ለመውጣት ይገደዳል። ምድር ቤት አንድ ክፍል ቢያዘጋጁ አገልግሎቱን ያለ ማመንታት ለማንም እጠቁማለሁ።